ክርክር፦ እብጠት ለሌላት ሴት ውሻ የጡት ካንሰር የደም ሜቲሌሽን ምርመራ ይታዘዝ?

የመወያያ ጥያቄ
በውሻ የጡት ዕጢ ውስጥ የዲኤንኤ ሜቲሌሽን፣ ማለትም ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል በዲኤንኤው ላይ መለጠፉ፣ ይዛባል። ላይን-1 የሚባለው፣ በጂኖሙ ውስጥ እየተደጋገመ የሚገኘው ክፍል፣ በጤነኛ ሴል ላይ በሜቲል ተሸፍኖ ጸጥ ያለ ነው፤ በዕጢ ሴል ላይ ሽፋኑ ይሳሳል። በ2019 የታተመ ጥናት ይህ መሳሳት ከደም ፕላዝማ፣ ማለትም ከደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ላይ ሊነበብ እንደሚችል በውሻም በሰውም አሳይቷል። ታዲያ ላልመከኑና እብጠት ለማይታይባቸው ሴት ውሾች ምርመራው በየዓመቱ ይታዘዝ?

የሞለኪውላር ላብራቶሪ ባለሙያ
ይታዘዝ ባይ ነኝ። ያልመከነች ሴት ውሻ ላይ ከሁሉም በብዛት የሚታየው ዕጢ የጡት ነው፤ በጥቅሉ ግማሽ ያህሉ አደገኛ ሆኖ ይገኛል። ዕጢዋ 3 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ የወጣላት፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካለፈባት የተሻለ ዕድል እንዳላት ማናችንም አንክድም። በእጅ ከመዳሰሱ በፊት የሚያስጠነቅቅ ምልክት ካለ ለምን ይቀመጣል?

የኤፒዲሚዮሎጂ ባለሙያ
ምልክቱ መኖሩን አልክድም፤ ቁጥሩን ግን አብረን እናስላው። ለምሳሌ ምርመራው ከ100 ታማሚ 85ቱን ይይዛል፣ ከ100 ጤነኛ ደግሞ 90ውን በትክክል ነጻ ይላል እንበል። ከ1,000 ውሾች ዕጢ ያለባቸው 20 ቢሆኑ 17ቱ ይያዛሉ። ከ980ዎቹ ጤነኞች ግን 98ቱ «አለባት» ተብለው ይመለሳሉ። ደንግጠው ከሚመጡት 115 ባለቤቶች እውነት ያለባቸው 17 ብቻ ናቸው፤ ከሰባት አንድ ማለት ነው። ለቀሩት ራጅ፣ ማደንዘዣና ከንቱ ጭንቀት።

ሌላም አለ። ሜቲሌሽን ከዕድሜ ጋር ይለወጣል፤ በ2020 በላብራዶሮች ላይ የወጣው የውሻን ዕድሜ ወደ ሰው ዕድሜ የሚመልስ ቀመር የተሠራው በዚሁ ላይ ነው። ታማሚዎቹ የ10 ዓመት፣ ማነጻጸሪያዎቹ የ3 ዓመት ውሾች ከሆኑ፣ የለካነው ካንሰርን ይሁን እርጅናን መለየት አንችልም።

ፓቶሎጂስት
የእኔ ጥያቄ ከዚያም ይቀድማል። ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ረድፍ 10 ጡት አላት። ደሙ «አለ» ቢል የትኛው ላይ? በአንዲት ውሻ ከአንድ በላይ ዕጢ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ አንዱ አደገኛ ሆኖ ጎረቤቱ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ለየብቻ የሚመረመረው።

ደግሞ ቅይጥ ዕጢ፣ ማለትም ከአንድ በላይ የሴል ዓይነት ያለበት፣ በውሻ ላይ ብዙ ነው። በአንድ ስላይድ ላይ የኤፒተልየም (የሸፋኝ ሴል) ቱቦዎች፣ ዙሪያቸውን ያቀፏቸው ሾጣጣ የማዮኤፒተልየም (የሚኮማተሩ) ሴሎች፣ አለፍ ሲል ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ካርቲሌጅ፣ አንዳንዴም አጥንት ይታያል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ፈጭቶ አንድ የሜቲሌሽን መቶኛ ማውጣት ስለ የትኛውም ሴል በትክክል አይናገርም። ቲሹ የምትሠሩ ከሆነ የዕጢ ሴል የበዛበትን ቦታ ስላይዱ ላይ አክብቡና እሱን ብቻ ፋቁ።

የሞለኪውላር ላብራቶሪ ባለሙያ
የዕድሜውን ነጥብ እቀበላለሁ፤ ማነጻጸሪያው በዕድሜ፣ በዝርያና በመራቢያ ዑደት መመሳሰል አለበት። ነገር ግን በምልክቱ ላይ ከሚሳበበው ስህተት ብዙው የናሙና አያያዝ ነው። በኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ቱቦ የተቀዳ ደም ሳይለይ ለሰዓታት ከቆየ ነጭ የደም ሴሎች ይፈነዳሉ። የእነሱ ላይን-1 በደንብ የተሸፈነ ስለሆነ ከዕጢው የመጣውን ጥቂት ዲኤንኤ ይውጠዋል፤ ያለባት ውሻ ነጻ ትባላለች። ስለዚህ በሴንትሪፊውጅ በ1,600 ጂ (የመሬት ስበት እጥፍ) ለ10 ደቂቃ አዙሩ፣ ከቀዩ በላይ ያለውን ስስ ነጭ ሽፋን ሳትነኩ ፕላዝማውን ቅዱ፣ እሱን እንደገና በ16,000 ጂ ለ10 ደቂቃ አዙሩና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ አስቀምጡ።

ሜቲሌሽንን ለማንበብ ዲኤንኤው የሚታከምበት ኬሚካል፣ ባይሰልፋይቱም፣ እንዲሁ ያሳስታል። ሥራው ሳይቶሲን የሚባለውን የዲኤንኤ ፊደል፣ ያልተሸፈነ ከሆነ፣ ወደ ሌላ ፊደል፣ ወደ ዩራሲል መለወጥ፣ የተሸፈነውን መተው ነው። ለውጡ ካልተሟላ ያልተሸፈነው የተሸፈነ መስሎ ይነበባል፤ አሁንም ዕጢው ይደበቃል። ከሲፒጂ (ሳይቶሲንን ጓኒን የሚከተልበትና ሜቲል በአብዛኛው የሚያርፍበት ቦታ) ውጪ ባሉ ሳይቶሲኖች ላይ ለውጡን ለኩና ከ99 በመቶ በታች የሆነውን ጣሉት። ለሰው ላይን-1 የተሠራ ፕራይመርም (የሚባዛውን ዲኤንኤ የሚያስጀምር አጭር ቁራጭ) ለውሻ አይሆንም፤ ቅደም ተከተሉ ይለያያል።

ቀዶ ሐኪም
ዶክተር፣ ጥንቃቄዎ ሁሉ ትክክል ነው፤ ለጤነኛዋ ውሻ ግን ያ የ17 እና የ98 ስሌት አይነሳም። መንገድ የሚያሳየን ያጣነው ሌላ ቦታ ነው። ፓቶሎጂስቱ ለቱቦ አሠራር፣ ለኒውክለስ መዛባትና ለሚከፋፈሉ ሴሎች ብዛት ለእያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ከ3 እስከ 5 ደረጃ አንድ፣ 6 እና 7 ደረጃ ሁለት፣ 8 እና 9 ደረጃ ሦስት ነው። ደረጃ አንድ ሆኖ የተቆረጠው ቲሹ ጠርዝ ከዕጢ ሴል ንጹሕ ከሆነ ክትትል ይበቃል፤ ደረጃ ሦስት ላይ ስለ ኪሞቴራፒ እንነጋገራለን። ሊምፍ ኖዷ ንጹሕ የሆነ ደረጃ ሁለት ውሻ ስትመጣ ግን ውሳኔው እንደየሐኪሙ ይለያያል። ሜቲሌሽን እዚህ ቢያግዘን፣ ዕጢው ወጥቶ በእጃችን ነው፤ የትኛው ጡት የሚል ጥያቄም የለም።

ፓቶሎጂስት
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ቲሹው በደህና ይድረሰን። ትልቅ ዕጢ በጠባብ ዕቃ ተጠቅጥቆ ሲመጣ ላዩ ግራጫና ደረቅ፣ ሲሰነጠቅ ውስጡ ገና ቀይ ነው። ያ መሀል በስብሷል፤ ለማይክሮስኮፑም ለዲኤንኤውም አይሆንም። መሠረቱን ሳትለያዩ በ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ሰንጥቁት፣ የቲሹውን 10 እጥፍ ባለ 10 በመቶ ቡፈር ፎርማሊን አፍስሱበት፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል። ለሳምንታት ከተረሳ ዲኤንኤው ይቆራረጣል፤ ያኔ ከ150 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) በላይ የሆነ አምፕሊኮን፣ ማለትም ተባዝቶ የሚወጣ ቁራጭ፣ አትጠብቁ።

የሞለኪውላር ላብራቶሪ ባለሙያ
እሺ፣ ለጤነኞች በየዓመቱ ያልኩትን አንስቻለሁ። የደሙን ነገር ግን ጨርሼ አልተውም፤ ከቀዶ በኋላ ላለው ክትትል ይቅርልን። እዚያ ውሻዋ የምትነጻጸረው ከራሷ ጋር ነው፤ የዕድሜና የዝርያ ጣጣው ይቀላል።

ቀዶ ሐኪም
የመጀመሪያው ደም መቼ ይቀዳ?

የሞለኪውላር ላብራቶሪ ባለሙያ
ከቀዶው በፊት፣ ማደንዘዣ ሳይሰጥ። ሁለተኛው ከቀዶው 4 ሳምንት ሳይሞላ አይሁን፤ የሚድን ቁስል ራሱ ዲኤንኤ ወደ ደም ይለቃል። ዕጢው እያለ የተቀዳው የመጀመሪያ ናሙና መሳሳት ካላሳየ ደግሞ በዚያች ውሻ ላይ አትቀጥሉበት፤ ያኔ ያላየውን በኋላ ያየዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የደረት ራጁም በሦስቱ አቅጣጫ እንደ ወትሮው ይነሳ።