የውሃ ኦፕሬተር ፈተና ጣለኝ፤ ያለፋችሁ እስቲ ምከሩኝ

ጠያቂዋ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አርባ ምንጭ የውሃ ምህንድስና ነው የተማርኩት። እዚህ አንድ ውሃ ማጣሪያ ውስጥ ተለማማጅ ሆኜ እየሰራሁ ነው። ባለፈው ሳምንት የላይሰንስ ፈተና ተፈተንኩ፤ 64 አመጣሁ። ማለፊያው 70 ነው። ስሌቱን ንቄው ነበር የገባሁት፤ ጉድ የሰራኝ ግን እሱ ነው። አፍሬ ለቤተሰብ እንኳ አልተናገርኩም።

የሌሊት ሺፍት (ሜሪላንድ)፦
እህቴ፣ አይዞሽ። እኔም ሲቪል ኢንጂነር ነኝ ብዬ ሳልዘጋጅ ገብቼ ወድቄ አውቃለሁ። ዲግሪሽ አልከዳሽም፤ የከዳሽ ኪዩቢክ ሜትሩ ነው። አገር ቤት የውሃውን ኪዩቢክ ሜትር በአንድ ሊትር በሚጨመረው የኬሚካል ሚሊግራም አባዝተሽ ለ1000 ስታካፍይ ኪሎው ይወጣል፣ በቃ። እዚህ ግን አንድ ጋሎን ውሃ 8.34 ፓውንድ ይመዝናል። ስለዚህ በቀን የሚፈሰው በሚሊዮን ጋሎን፣ ሲባዛ ሚሊግራም በሊትር፣ ሲባዛ 8.34። መልሱ በቀን ስንት ፓውንድ ኬሚካል እንደሚያስፈልግ ነው። ይቺን ከእንቅልፍሽ ቢቀሰቅሱሽ የምትያት አድርጊያት። ከሷ ቀጥሎ 7.48 አለ፤ አንድ ኪዩቢክ ፊት የሚይዘው ጋሎን ነው። 2.31 ፊት የውሃ ከፍታ ደግሞ አንድ ፒኤስአይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) ግፊት ይሰጣል። የፎርሙላ ወረቀት ይሰጡሻል፤ ግን እዚያ ላይ ስትፈልጊ ሰዓቱ ይሄዳል።

ሌላ ወጥመድ ልንገርሽ። ወረቀቱ ላይ የክብ ስፋት 0.785 ሲባዛ ዲያሜትር ስኩዌር ተብሎ ነው የተጻፈው። እኛ ፓይ አር ስኩዌር ስለለመድን ዲያሜትሩን እንደ ራዲየስ እናስገባዋለን። መልሱ 4 እጥፍ ይሆናል። የሚገርመው፣ ያ የተሳሳተ ቁጥር ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።

ከስሌቱ ይልቅ እኔን የፈተነኝ «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጓደኛህ ማንሆል (የፍሳሽ መስመር መግቢያ ጉድጓድ) ውስጥ ራሱን ስቶ ወደቀ፣ ምን ታደርጋለህ? የኛ ሰው ዘሎ ይገባል፤ አለመግባት ነውር ነው የሚመስለን። እዚህ ግን ዘሎ መግባት ዜሮ ነው። እርዳታ ትጠሪያለሽ፣ አየሩ ሳይለካና መሳሪያው ሳይሟላ ማንም አይገባም። ኦክስጅኑ ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ አይገባም፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ካለም እንደዚያው። ደግሞ ለፈተና ብቻ የሚባል አይደለም፤ ለማዳን የገባው አብሮ የሚቀርበት አደጋ ብዙ ነው። ክሎሪን ጋዝ ቢያፈተልክም እንደዚሁ ነው፤ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ነው የሚኬደው።

ከዳላስ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ዩቲዩብ ላይ ያገኛችሁትን ሁሉ አትከተሉ፤ ስቴቱን እዩ። የላይሰንሱ ደረጃ ቨርጂኒያ 1 ትልቁ ነው፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ 5 ነው ትልቁ። እኛ ቴክሳስ በፊደል ነው፣ ከዲ ተነስተሽ ወደ ኤ ትወጫለሽ። መጽሐፍ ከተባለ ግን ሳክራሜንቶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣቸው የኦፕሬተር ማሰልጠኛዎች የትም ያገለግላሉ። ወፍራም ናቸው፣ አትደንግጡ።

አዲስ ገቢ (ሲያትል)፦
እኔ ፍሳሽ ማጣሪያ ነው የምፈልገው። ያ አክቲቬትድ ስላጅ የሚሉት ነገር ጭራሽ አልገባኝም። የሚያስረዳኝ አለ?

የሌሊት ሺፍት (ሜሪላንድ)፦
እንጀራ ሲቦካ አይተሃል አይደል? ከበፊቱ ሊጥ እርሾ ታስቀራለህ፣ አዲሱን ታቦካበታለህ። ይኸው ነው። ባክቴሪያው እርሾ ነው። ከመጨረሻው ገንዳ ስር ተሰብስቦ የተኛውን ዝቃጭ (ስላጁን) ወደ አየር ማስገቢያው ገንዳ ትመልሰዋለህ፤ የተረፈውን ታስወግዳለህ። ብዙ ካስወገድክ እርሾው ያንስና ነጭ አረፋ ይነሳል፣ ስላጁ ገና ልጅ ነው ማለት ነው። ያኔ ማስወገዱን ትቀንሳለህ። ወፍራም፣ ጠቆር ያለ ቡናማ አረፋ ከሆነ ደግሞ አርጅቷል፤ ማስወገዱን ቀስ እያልክ ትጨምራለህ። ከፈተናው በፊት ባለቤትህን ሊጥ ስታቦካ ብታያት አይከፋም (ቀልድ ነው)።

እህቴ፣ ላንቺ ደግሞ አንድ ልምምድ። በቀን 2 ሚሊዮን ጋሎን ያልፋል። ክሎሪኑ 3 ሚሊግራም በሊትር ይሁን ተባለ። ያለሽ 65 በመቶ ክሎሪን ያለው ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ዱቄት ነው። ስንት ፓውንድ ትመዝኛለሽ?

ጠያቂዋ፦
2 ሲባዛ 3 ሲባዛ 8.34። 50 ፓውንድ!

ከዳላስ፦
65 በመቶው የት ገባ?

ጠያቂዋ፦
አቤት! ለ0.65 ማካፈል ነበረብኝ። 77። ያን ቀንም እንደዚሁ ነው የሆንኩት፤ 50 የሚለውን መርጬ ደስ ብሎኝ ወደ ቀጣዩ አልፌያለሁ።