ፍርድ ቤት ያልቀጣውን ተጫዋች «አንጫወትህም» ማለት ይቻላል?

አወያይ፦ ብሪጅ ለማታውቁ ባጭሩ፦ አራት ሰው ነው የሚጫወተው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ። ለእያንዳንዱ 13 ካርታ ይታደላል። ጓደኛህ የያዘውን መገመት የምትችለው በጨረታው (ከጨዋታው በፊት «ይህን ያህል ዙር እናሸንፋለን» እያለ በሚጠራው) እና በሚጥላቸው ካርታዎች ብቻ ነው። ፋንቶኒና ኑኔስ የሚባሉ ሁለት ጣሊያናዊያን በ2015 (እ.ኤ.አ.) ካርታ ሲጥሉ አንዴ በቁም፣ አንዴ በአግድም እያስቀመጡ ይጠቋቆማሉ ተብለው ተከሰሱ። የአውሮፓ ብሪጅ ሊግ ለ5 ዓመት አገዳቸው። በ2018 መጀመሪያ ግን የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ ማስረጃው አይበቃም ብሎ እገዳውን ሻረው። በ2021 ፋንቶኒ ለጣሊያን ሲሰለፍ፣ ተጋጣሚ ቡድኖች ነጥቡን ለቀው አንጫወትም አሉ። ልክ ናቸው?

ጠበቃዋ፦ አይደሉም። ቅጣቱ የተሻረለትን ሰው ተሰብስቦ ማግለል አድማ ነው። ነገ የማትወዱትን ሁሉ በዚሁ መንገድ ታስወጣላችሁ።

ኮንከር በቡና፦ እህቴ፣ «ማስረጃ አልበቃም» እና «ንጹሕ ነህ» አንድ ነው እንዴ? እኛ ሰፈር ኮንከር ስንጫወት የሚጠቃቀስ ሰው ከተገኘ ሁለተኛ አይጠራም። ፍርድ ቤት አልሄድንም!

ጠበቃዋ፦ በሰፈር ጨዋታ የሰው እንጀራ አይዘጋም። እዚህ ግን ሙያ ነው።

ጋሽ ዳኛው፦ ሁለታችሁም ሰውየው ላይ ተጣበቃችሁ። ጠረጴዛውን እዩት እስቲ። በ1975 በቤርሙዳው የዓለም ሻምፒዮና ጓደኛሞች እንዳይተያዩ በመካከላቸው ግርዶሽ ቆመ። እዚያው ውድድር ላይ ሌሎች ሁለት ጣሊያናዊያን ከጠረጴዛው ሥር በእግር ሲነካኩ ታዩ። በተግሣጽ ታለፉ፤ ጣሊያንም ዋንጫውን ወሰደች! ከዚያ በኋላ ታችም ተከለለ። በ2013 ባሊ ላይ ደግሞ ሁለት ጀርመናዊያን ሐኪሞች በሳል ተነጋገሩ። ሳልን በምን ትከልላለህ? ወርቁን የተነጠቁት ኋላ ነው።

ኮንከር በቡና፦ ሐኪም ሆኖ ሳል 😂

ጋሽ ዳኛው፦ ስለዚህ ካርታው ራሱ ይቅር ነው የምለው። ሁሉም በታብሌት ይጫወት። ማቆም ማጋደም የለ፣ የካርታ ማስቀመጫውን ማንቀሳቀስ የለ።

ኦንላይን ነኝ፦ ጋሼ፣ በታብሌትም ማጭበርበር ታይቷል። በ2020 በኮሮና ጊዜ ውድድሩ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ፣ አንዳንዱ በሌላ አካውንት ተመልካች ሆኖ እየገባ የአራቱንም ካርታ ያይ ነበር። የዓለም ደረጃ ያለው ፖላንዳዊ ተጫዋች ራሱ አምኗል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለተመልካች አዘግይቶ ማሳየት። ስልክ የሚደዋወሉትን ግን ምንም አያስቆማቸውም።

ኮንከር በቡና፦ ለእኔ ካሜራ ይሻላል። በ2015 እስራኤላዊያኑ ፊሸርና ሽዋርትዝ በካርታ ማስቀመጫው አቀማመጥ ይጠቋቆማሉ ተብለው የተጋለጡት ዩቲዩብ ላይ ባለ ቪዲዮ ነው። የከሰሳቸው ኖርዌያዊው ብሮጌላንድ ደግሞ ከእነሱ ጋር በአንድ ቡድን ያሸነፈውን ማዕረግ ለመመለስ ተነሳ። እንዲህ ያለ ሰው ሲናገር አምናለሁ።

ጠበቃዋ፦ የሰውየውን ጨዋነት አልክድም። ግን ሰዓታት የሚፈጅ ቪዲዮ ይዘህ ምልክት ከፈለግህ የሆነ ነገር ማግኘትህ አይቀርም። ጆሮ ማከክም ኮድ ይሆናል። ኮዱን መጀመሪያ ጻፈው። ከዚያ ገና ባልተመለከትከው ሌላ ጨዋታ ላይ ፈትነው፤ ማን ምን እንደያዘ ሳይነገርህ በምልክቱ ብቻ ተናገር። ደጋግመህ ካገኘኸው እኔ ራሴ እከስልሃለሁ።

ጋሽ ዳኛው፦ ይኼ ደስ ይላል። ሕጉ ውስጥ ይግባ።

ኮንከር በቡና፦ እስኪገባ ድረስስ? ከሰውየው ጋር ቁጭ ብዬ ልጫወት?

ጠበቃዋ፦ አትጫወት። ነጥቡን ግን ለቀህ ሂድ፣ እንደ ሽንፈት ይቆጠርብህ። አዘጋጁን «እሱን አስወጣልኝ» ማለት ነው የማይቻለው።

ኮንከር በቡና፦ እነሱም እኮ ያደረጉት ይህንኑ ነው!

ጠበቃዋ፦ አንድ ቡድን ሲያደርገው የራሱ ምርጫ ነው። ቡድኖች ተጠራርተው ሲያደርጉት ማባረር ነው።

ኦንላይን ነኝ፦ ስንት ቡድን ሲሆን ነው ታዲያ አድማ የሚሆነው?