ሬይድ 5 ወድቆብኝ ፓርቲሽኖቹ ጠፉ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። የሠርግና የጥምቀት ቪዲዮዎቼን የማስቀምጠው ኡቡንቱ በጫንኩበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። አራት ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ፣ በኤምዲአድም (የሊኑክስ ሬይድ መሥሪያ ፕሮግራም) የተሠራ ሬይድ 5፤ ማለትም ዲስኮቹ እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩበት አሬይ።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ዲስክ ሞተ። ሬይድ 5 የአንድ ዲስክ ሞት ይችላል ብዬ፣ ሳልጨነቅ አዲስ ገዝቼ አስገባሁ። ዳታውን መልሶ እየሞላ ሳለ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ሌላ ነባር ዲስክ ከአሬዩ ወጥቷል። በግድ ሳስነሳው ተነሳ፤ ግን ሁለቱም ፓርቲሽኖች (አሬዩን የከፈልኩባቸው ክፍሎች) የሉም። ባዶ ቦታ ነው የሚለኝ!

ወዲያው አጠፋሁት። አንድ ወዳጄ «በኤምዲአድም ክሪኤት ትዕዛዝ አሬዩን እንደ አዲስ ሥራው» አለኝ። ፈራሁ። የዲስኮቹ ቅደም ተከተል ወይም የቸንኩ (በየዲስኩ በተራ የሚጻፈው የዳታ ቁራጭ) መጠን ከተዛነፈ ጭራሽ ይባስ ይሆናል። በግድ ከማስነሳቴ በፊት ሱፐርብሎኮቹን (በየዲስኩ ላይ ያለውን የአሬዩን መረጃ) ሳይ የሁለቱ ደህና ዲስኮች ኢቨንት ቁጥር (አሬዩ በተለወጠ ቁጥር የሚጨምር ቆጣሪ) እኩል ነበር፤ የወጣው በ14 ወደኋላ ቀርቶ ነበር። የወጣውን ዲስክ አሁን በዲዲሬስኪው (ከተበላሸ ዲስክ ዳታ የሚገለብጥ ፕሮግራም) እየገለበጥኩት ነው፤ አንዳንድ ቦታ ማንበብ እያቃተው ያንቀራፍፋል።

ጥያቄዬ፦ ሦስቱንም ነባር ዲስኮች ገልብጬ ስጨርስ፣ ቅጂዎቹን አስነስቼ አሬዩ ላይ ቴስትዲስክ (የጠፋ ፓርቲሽን ፈላጊ ፕሮግራም) ላሂድ? ወይስ መጀመሪያ መጨረሻው ላይ የሚቀመጠውን የጂፒቲ (የፓርቲሽኖቹ ዝርዝር ሰንጠረዥ) መጠባበቂያ ልፈልግ? ግማሽ የተሞላውን አዲሱን ዲስክስ ጨርሶ ልተወው?

ባክአፕ የት አለ እንዳትሉኝ ብቻ፤ እሱን ሙሽሮቹም እየጠየቁኝ ነው።