ኦክሲቶሲን ከፍሪጅ ውጭ ካደረ ለወላድ ይሰጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መብራት ጠፍቶ፣ ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የምንሰጠው የኦክሲቶሲን መርፌ አምፑሎች (የመድኃኒት ብልቃጦች) ከፍሪጅ ውጭ አድረዋል። ፈሳሹ እንደወትሮው ጥርት ያለ ነው። ብንጠቀምበት ይሠራል?

መልስ 1፦ ጥርት ማለቱ አያታልላችሁ። ኦክሲቶሲን ማህፀንን የሚያኮማትር፣ ከዘጠኝ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣቶች) የተሠራ ሆርሞን ነው፤ ሙቀት ሲያዳክመው ቀለሙ አይለወጥም። አንድ ሌሊት ብቻውን ላያበላሸው ይችላል፤ የሚጎዳው በመጋዘን፣ በመኪና፣ በማዋለጃ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የተደማመረው ሙቀት ነው። ቦታው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ በረዶ ግን እንዳይሠራ። መብራት ሲጠፋ ከክትባቱ ጋር ቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ አስገቡት። የተዳከመ መድኃኒት ወስዳ ማህፀኗ ያልተኮማተረ እናት በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ደም ታጣለች፤ ስለዚህ ሙቀቱ ያልታወቀ አምፑል ለማንም አትስጡ።

መልስ 2፦ አሰጣጡም ይታሰብበት። ሕፃኑ እንደተወለደ መጀመሪያ ሆዷን ዳብሱ፤ መንታ ካለ መርፌው ማህፀኑን አኮማትሮ ሁለተኛውን ያፍነዋል። ሌላ ሕፃን ከሌለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ጡንቻ ላይ ውጉ። ይህንኑ መጠን በደም ሥር በአንዴ መግፋት የደም ግፊቷን ድንገት ይጥለዋል። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ከእምብርቷ አካባቢ ማህፀኑን በእጃችሁ ፈትሹ፤ እንደ ኳስ ጠንከር ካላለና እንደ ሊጥ ከለሰለሰ ወዲያው እሹት፣ ለእርዳታም ሰው ጥሩ።

መልስ 3፦ ፍሪጅ አስተማማኝ ካልሆነ ለደም መፍሰስ መከላከያ ሚሶፕሮስቶል የተባለው ክኒን 600 ማይክሮግራም ይዋጣል፤ ባለ 200ው ሦስት ፍሬ ማለት ነው። ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ያመጣል፣ ለእናትየዋ አስቀድማችሁ ንገሯት። ሙቀት የሚቋቋመው ካርቤቶሲን የተባለ ተመሳሳይ መርፌም አለ፤ እሱ ግን ምጥ ለማስጀመር ፈጽሞ አይሰጥም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልን። አምፑሎቹን ለይተን አስቀምጠናል።