ቱርቦ ያለው የጭነት መኪና ከፍታ ላይ ይህን ያህል መድከም አለበት?

ሰላም ለሁላችሁ፤ የናፍጣ ሞተር የምታውቁ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

መኪናው ቆላ ላይ ሙሉ ጭነት ይዞ በአምስተኛ ማርሽ የሚወጣውን ዓይነት ዳገት፣ 3,000 ሜትር አካባቢ ሲደርስ በሦስተኛም እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ከቆመበት ሲነሳማ ይብሳል፤ ነዳጅ ስሰጠው መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ የሞተሩ ዙር በደቂቃ 1,500 ሲጠጋ ነው ቱርቦው (አየር እያመቀ ወደ ሞተሩ የሚገፋው) እያፏጨ የሚነቃው።

እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ መሆኑን አውቃለሁ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ቢደክም አልገረምም። አንድ መካኒክ «ቱርቦው ከልኩ በላይ እንዳይሽከረከር ኮምፒውተሩ ራሱ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ጤነኛ ነው» አለኝ። ነዳጅ ከቀነሰ ታዲያ ይሄ ሁሉ ጭስ ከየት መጣ?

የቱርቦው ጌጅ ታችም ላይም 1.5 ባር ያሳያል። የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ ታች በድምሩ 2.5፣ ላይ 2.2 ገደማ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ሁለት ማርሽ የሚያስወርድ አይመስለኝም።

የአየር ማጣሪያው አዲስ ነው፤ የማስጠንቀቂያ መብራትም አልበራም። ብቻ ወደ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው) የሚገባው ቱቦ ማሰሪያው ጋ በዘይት ርሷል፣ አቧራም ለጥፎበታል። ትንሽ ዘይት የተለመደ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን አየር እያመለጠ ይሆን ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ቆላ ላይ የማይታወቅ ትንሽ ቀዳዳ ከፍታ ላይ እንዲህ ሊጎላ ይችላል? የግፊት መሞከሪያ ሳይኖረኝ እንዴት ላረጋግጥ?