የግድ ሲኒማ ቤት መታየት ያለበት ፊልም የትኛው ነው? ቤት ቢታይስ የማይጎዳው?

ሰባተኛ ረድፍ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። «አክሽን ከሆነ ሲኒማ ቤት፣ ድራማ ከሆነ ቤትህ ተቀምጠህ» የሚለው ምክር ለእኔ አይዋጥልኝም። «ኦፐንሃይመር» ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሲከራከር የሚታይበት ሆኖ ሳለ በትልቅ ስክሪን ሌላ ፊልም ነው። መኪና ሲጋጭና ሕንፃ ሲናድ ከሚያልቁት መካከል ደግሞ በቴሌቪዥን ቢታዩ ምንም የማይጎድልባቸው አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ከወጡት የአዳራሽ የምትሏቸው የትኞቹን ነው? ከነምክንያቱ ንገሩኝ፤ ስለ አዳራሽና ስለ ወንበር አመራረጥም የምታውቁትን ጨምሩበት። ታሪኩን ብቻ አታውጡብን።

ባለፕሮጀክተሩ

ልክ ብለሃል፣ ዘውግ መለኪያ አይሆንም። መጀመሪያ የሚጠየቀው ፊልሙ በምን ተቀረጸ፣ ለምን ዓይነት ስክሪን ተዘጋጀ ነው። «ኦፐንሃይመር» የተቀረጸው 65 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የፊልም ጥቅል ነው፤ ከፊሉ በአይማክስ (ለግዙፍ ስክሪን በተሠራ) ካሜራ። ለአይማክስ ካሜራ የሚሆን ጥቁርና ነጭ የፊልም ጥቅል ስላልነበረ አምራቹ ኮዳክ ለዚሁ ሥራ ብሎ አመረተ። በዚህ ጥራት የተያዘ ፊት ስክሪኑን ሲሞላ ክርክሩን በቃሉ ብቻ አትከታተለውም፤ መንጋጋ ሲጠብቅ፣ ዓይን ሲሸሽ ታያለህ። በቴሌቪዥን ያ ሁሉ ወደ ተራ ንግግር ይወርዳል።

«ሲነርስ» (2025) ላይ ሰው የሚደናገረው በስክሪኑ ቅርፅ ነው። ፊልሙ በሁለት ዓይነት ካሜራ ነው የተቀረጸው፦ አንዱ ስፋቱ የቁመቱ 2.76 እጥፍ የሆነ በጣም ረጅም ምስል ይሰጣል፣ ሌላው አይማክስ ነው፤ በፊልም ጥቅል በሚያሳዩት ጥቂት አዳራሾች ስፋቱ የቁመቱ 1.43 እጥፍ እስኪሆን ድረስ ወደ ላይ ይከፈታል። በተራ አዳራሽ ከላይና ከታች ጥቁር ቢተርፍ ብልሽት አይደለም፣ የተሠራው እንደዚያ ነው። ትኬቱ ላይ «አይማክስ» የሚል ማየትም ብቻውን አይበቃም፤ አብዛኞቹ ዲጂታል የአይማክስ አዳራሾች የሚከፈቱት እስከ 1.90 ነው። ልዩነቱ የሚያሳስብህ ከሆነ ከመግዛትህ በፊት አዳራሹ የትኛው እንደሆነ ጠይቅ።

«ዱን፦ ክፍል ሁለት» (2024) ለእኔ ያለ ጥርጥር የአዳራሽ ነው። የሃርኮነኖች (በፊልሙ የጠላቱ ወገን) የውድድር ሜዳ ያለበት ክፍል በኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየውን ብርሃን በሚይዝ) ካሜራ ስለተቀረጸ የሰው ቆዳ ነጥቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል፣ ዓይን ደግሞ ይጠቁራል። በኮምፒውተር ከተቀባ ጥቁርና ነጭ ጋር አይገናኝም፤ በትንሽ ስክሪን ግን ልዩነቱን ለመለየት ያስቸግራል።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር። የሁለት ገጽታ (ያለ ስሪዲ መነጽር የሚታይ) ፊልም ስክሪኑ ላይ እንዲደርስ የሚጠበቀው ድምቀት 14 ፉት-ላምበርት (የስክሪን ድምቀት መለኪያ) ነው። የፕሮጀክተሩ መብራት ካረጀ፣ ወይም ለስሪዲ የተገጠመው ዕቃ ከሌንሱ ፊት ሳይነሳ ከቀረ ከዚያ በታች ይወርዳል። «ኖስፌራቱ» (2024) በሻማ ብርሃን የተሞላ ነው፤ በደከመ ፕሮጀክተር ሲታይ ጥላው ውስጥ ያለው ሁሉ ግራጫ ጭቃ ይሆናል። ማስታወቂያውና ትሬለሩ ሲሄድ ነጩን ቀለም ተመልከት፤ ወደ ቢጫ ወይም ወደ አመድ ካደላ ፊልሙ ሳይጀምር ለሠራተኛ ተናገር። ከተጀመረ በኋላ ማስተካከያው ይቸግራል።

ጆሮ ይፍረድ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልስማማም። ከምስል በፊት ድምፅ ነው ሲኒማ ቤት የሚያስገባው። ለዚህ «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» (2023) ይበቃል። ካሜራው ከናዚዎቹ የአውሽቪትዝ ካምፕ አዛዥ ቤትና ከአትክልቱ ስፍራ እምብዛም አይርቅም፤ ከግንቡ ማዶ የሚሆነውን የምናውቀው በጆሯችን ብቻ ነው። ሩቅ ጩኸት፣ የማያቋርጥ የምድጃ ጉምጉምታ፣ ተኩስ፤ ሁሉም ዝቅ ብሎ የተቀዳ። ቤት ውስጥ የማቀዝቀዣ ድምፅ እንኳ ይሸፍነዋል። ይህ ፊልም በ2024 የድምፅ ኦስካሩን የወሰደው «ኦፐንሃይመር»ን አሸንፎ ነው፣ ይገባዋልም።

«ንግግሩ አይሰማም» የሚለው የተለመደ ቅሬታ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አዳራሹ ነው። ፊልም የሚቀናበረው የሲኒማው ድምፅ መቆጣጠሪያ 7 ላይ ሆኖ ነው፤ ይህም ከእያንዳንዱ የፊት ስፒከር 85 ዴሲቤል ለሚሰጥ መነሻ የተለካ ነው። ተመልካች «ጮኸብን» ሲል ብዙ አዳራሾች ወደ 5 ወይም ከዚያ በታች ያወርዱታል። ፍንዳታው ያን ጊዜም ይሰማል፣ ሹክሹክታው ግን ይጠፋል። የኖላን (የ«ኦፐንሃይመር» ዳይሬክተር) ፊልሞች ላይ የሚብሰው ዳይሬክተሩ ንግግርን በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ማስቀዳት ስለማይወድ ነው፤ ቀረጻው ቦታ ላይ የተባለው እንዳለ ይቀመጣል።

ወንበር፦ ከስክሪኑ ተነስተህ የአዳራሹን ርዝመት ሁለት ሦስተኛ ያህል ሂድና መሃል ላይ ተቀመጥ። ድምፁን የሚያቀናብሩት ሰዎች ጠረጴዛም በአብዛኛው እዚያው አካባቢ ነው። ግድግዳ ሥር ከተቀመጥክ የጎን ስፒከሩ ሌላውን ይውጠዋል። «ኤፍ ዋን» (2025) ላይ ይህን ልብ በሉት፤ ሞተሩ ከፊት መጥቶ በጎን አልፎ ወደ ኋላ ሲሄድ የምትሰሙት መሃል ላይ ስትሆኑ ነው። ታሪኩ ግን የሚገመት ነው፤ ድምፁን ከተውነው በቴሌቪዥን የሚተርፍለት ጥቂት ነው።

የማታው ትርዒት

ሁለታችሁም የረሳችሁት አጠገብ የሚቀመጠውን ሰው ነው። አስፈሪ ፊልምና ኮሜዲ ግማሹ ሥራቸው የሚሠራው በተመልካቹ ነው። «ዌፐንስ» (2025) 17 ሕፃናት ሌሊት 2:17 ላይ (የሰዓት አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው) ከቤታቸው ወጥተው ሲጠፉ ይጀምራል፤ ከዚያ ታሪኩ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እየተቀባበለ ይሄዳል። ትሬለሩን ሳታዩ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ፣ አዳራሹ በሚሞላበት የማታ ትርዒት ግቡ። አንድ ሰው ሲጮህ ሌላው ይስቃል፣ ፊልሙም ይህን አስቦበት ነው የተሠራው።

«ኤ ኳይት ፕሌስ፦ ዴይ ዋን» (2024) ግን ተቃራኒው ነው። ዝምታው የሚይዘው ማንም ካላኘከ፣ ስልክ ካልበራ ነው፤ ሰው በማይበዛበት የሥራ ቀን፣ ከሰዓት በፊት ይሻላል።

ስሪዲን በተመለከተ፦ መነጽሩ ብርሃን ይቀንሳል። «ኢንሳይድ አውት 2» የሚያምረው በቀለሙ ስለሆነ በሁለት ገጽታ ይታይ፤ 96 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ሕፃናትንም አያሰለችም። ከመጀመሪያው በስሪዲ ካሜራ የተቀረጸው ሁለተኛው «አቫታር» (2022) ግን በስሪዲ ካልታየ ትርጉም የለውም። አንዳንዱ ትዕይንት በሰከንድ 48 ፍሬም ስለሚሄድ እንደ ቴሌቪዥን ስርጭት ለስላሳ ሆኖ ይታያል፤ ዓይን እስኪለምደው ትንሽ ይረብሻል።

አንድ ላመስግን፦ «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» (2023)። 610 ያህል የልዩ ውጤት (ቪዥዋል ኢፌክት) ትዕይንቶቹን የሠሩት 35 ሰዎች ናቸው፣ ኦስካርም አግኝተውበታል። ጭራቁ ትልቅ የሚመስለው መለኪያ ስለሚሰጡን ነው፦ መርከብ፣ ባቡር፣ ሮጦ የማያመልጥ ሰው። ለአዳራሽ የተሠራ ማለት ይህ ነው።

ሰባተኛ ረድፍ (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። ቤት ቢታይ የማይጎዳውንስ? «ኮንክሌቭ»ን (2024) እዚህ መመደብ ይቻላል?

ጆሮ ይፍረድ

«ኮንክሌቭ»ን አይሆንም። የዋናው ተዋናይ የራልፍ ፋይንስ ትንፋሽ ሆን ተብሎ ጎላ ተደርጎ የተቀናበረ ነው፤ ሰውየው የተጨነቀውን ያህል ይሰማሃል። ቤት ካየኸው በጆሮ ማዳመጫ እይ። «ጁረር ነምበር 2» (2024) ግን ቤት ይበቃዋል። ጥሩ የፍርድ ቤት ፊልም ነው፤ የሚይዝህ ሰውየው ምን ይወስን ይሆን የሚለው ጥያቄ ነው፣ እሱ ደግሞ በየትኛውም ስክሪን ያው ነው።

ባለፕሮጀክተሩ

ስለ ሰዓት ልጨምር። «ዘ ብሩታሊስት» (2024) ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ነው፤ መሃሉ ላይ የ15 ደቂቃ ዕረፍት የፊልሙ አካል ሆኖ ተቀምጧል፣ ቆጠራውም ስክሪኑ ላይ ይታያል። ውኃ መጠጣትም ሌላ ጉዳይም ያን ጊዜ ነው፤ ዘግይቶ የሚመለስ ሰው የሁለተኛውን ክፍል መክፈቻ ያጣል። «ሲነርስ» ላይ ደግሞ የሠራተኞቹ ስም መውጣት ሲጀምር እንዳትነሱ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ረጅም ትዕይንት ትርፍ ጨዋታ ሳይሆን የታሪኩ ማብቂያ ነው፤ ስሙ ሁሉ ካለቀ በኋላም አንድ አጭር አለ።