ጅማ ላይ የልጆችና የቤተሰብ ካውንስለር ሆኖ መሥራት፦ ገብታችሁ ያያችሁ ንገሩኝ

የኪቶዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳይኮሎጂ ጨርሻለሁ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። አሁን እዚሁ ጅማ አንድ የግል ትምህርት ቤት ካውንስለር ሁኚ ብሎኛል። ከኬጂ እስከ 12ኛ ያለው ተማሪ በሙሉ ለእኔ ለብቻዬ ነው። ደመወዙን ተዉት፣ እሱን ከእናቴ ጋር ጨርሰናል። የጨነቀኝ ሌላ ነው። ለቃለ መጠይቅ በሄድኩ ቀን አንድ አባት የ9ኛ ክፍል ልጁን ክንዱን ይዞ ገባና «ጫት ጀምሯል፣ ምከሩልኝ» ብሎ ጥሎት ወጣ። ልጁ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ የጫማውን ክር ይፈታል፣ ያስራል፣ ደግሞ ይፈታል። ዳይሬክተሩ ዞር ብለው «ይኸው፣ ሥራሽ ይሄ ነው» አሉኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ምን ይባላል? አባትየውስ ማታ ደውሎ «ምን አለሽ?» ቢለኝ ምን ልመልስ? ከተማችንን ታውቋታላችሁ፣ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል።

ጠመኔ፦
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እኔ እዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፣ እወደዋለሁም። ግን ሳትፈርሚ የሥራ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቂ። ብዙ ትምህርት ቤት ካውንስለር ሲል የዲሲፕሊን ተቆጣጣሪ ማለቱ ነው። ጠዋት በር ላይ አርፋጅ ስትመዘግቢ፣ ሞባይል ስትቀሚ ያየሽ ልጅ ከሰዓት መጥቶ ቤት ውስጥ ዱላ እንዳለ አይነግርሽም። አይነግርሽም፣ አለቀ።

ቢሮ ብለው ስቶር ይሰጡሻል፣ የተሰበረ ወንበር መሃል። እሺ በይ፣ ግን መስኮቱ ወደ መምህራን ማረፊያ እንዳይሆን። ልጆቹንም በባንዲራ ሰዓት በማይክ እንዳያስጠሩልሽ። አንዴ «እከሌ፣ ካውንስለር ቢሮ» ከተባለ እስኪመረቅ ድረስ «እብዱ» ነው የሚሉት።

ወደ አባትየው ስመጣ፣ እንዲህ ጥሎልሽ እንዲወጣ አትፍቀጂለት። መጀመሪያ ሁለቱም አብረው ይቀመጡ፣ ደንቡንም ሁለቱም ባሉበት ተናገሪ፦ እዚህ የሚወራ እዚሁ ይቀራል፤ ልጁ ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ካሰበ፣ ወይም እሱን የሚጎዳው ሰው ካለ ግን ዝም አልልም፣ ከመናገሬ በፊትም ለራሱ እነግረዋለሁ። ይሄን በጆሮው የሰማ አባት ማታ ቢደውል መልሱ ቀላል ነው። «ጋሼ፣ ራሱን ይጠይቁት፣ ወይ ሐሙስ አብራችሁ ኑ።»

ልጁ ላይ ስለ ጫት ጉዳት ሌክቸር አታውርጂበት። ከቤት ጀምሮ ሰምቶታል። መቼ እንደሚቅም፣ ከማን ጋር እንደሚቅም፣ ምን እንደሚያደርግለት ጠይቂው። ብዙዎቹ ለማጥናት ብለው ነው የሚጀምሩት። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ያነቃል፣ እውነት ነው፤ ከምርቃናው በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ድብርቱ ይመጣል፣ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ይደፋል። የ2014 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። እኔን ካልሽኝ ያ ድንጋጤ ከዚያ ወዲህ ከ12ኛ ወርዶ 9ኛ ክፍል ገብቷል። ወላጅ ልጁን ሲያይ ፈተናውን ብቻ ነው የሚያየው።

የአባ ቡና ደጋፊ፦
እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ አባት ነኝ። ሐሙስ ብለህ የመከርካት ግን አስቆኛል። ሐሙስ ገበያ ነው ወንድሜ! ማን ሥራውን ዘግቶ ይመጣል? በቡና ለቀማ ሰሞን ደግሞ ጭራሽ አታስቢው። ደብዳቤም አትላኪ። ከትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ ማለት ለእኛ ወይ ክፍያ ነው ወይ ልጁ ሊባረር ነው፣ ገና ሳንከፍተው ነው ልጁን የምንቆጣው። ደውይ። ደግሞ ለአባት ብቻ አትደውይ። ስንቱ ቤት ነው እናት ዓረብ አገር ሆና አያት የምታሳድገው! የጎረቤቴ ልጅ አርብ አርብ እናቱ በኢሞ ትደውላለች፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሰው አያናግርም። አያቱ «ጠባዩ ነው» ይላሉ። እንዲህ ያለውን እኚህን አያት ሳትይዢ ምን ታደርጊያለሽ?

አንድ ነገር ልጨምር። ሽማግሌ አለን፣ ሼኹ አሉ፣ ቄሱ አሉ። የቤተሰብ ጠብ ስንቱን አስታርቀዋል። ከእነሱ ጋር ተግባብተሽ ሥሪ እንጂ አትጋፊያቸው።

ሲስተር ከመንቲና፦
ወንድማችን ያለው ልክ ነው፣ ባልና ሚስት ቢያኮርፉ ሽማግሌ ይግባ። ልጅ ከተደፈረች ግን ሽምግልና የለም። «ለስሟ ብለን» እየተባለ በካሳ የሚሸፈነውን ነገር ስንቱን አየሁ፣ ደሜ ነው የሚፈላው። ከ18 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የሚፈጸመው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626ና 627 ላይ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ከገጠመሽ ያንኑ ቀን ወደ ሆስፒታል። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል። ልብሷን አያጥቡት። አንቺም እየደጋገምሽ አትጠይቂያት፣ ያለችውን በራሷ ቃል ጻፊ፣ በቃ።

ሌላው፣ ወደ ምክር ከመሮጥሽ በፊት ጤናውን አስመርምሪ። «አይሰማም» የተባለው ልጅ ስንት ጊዜ ጆሮው መግል ይዞ አግኝተነዋል። ሰሌዳ የማይታየው «ሰነፍ» ይባላል። ንግግር መሃል ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብሎ የሚመለስ ልጅ ካየሽ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ላኪው። አልጋ የሚያረጥብ ልጅም አይገረፍ፣ ሽንቱ ይመርመር።

ራሱን የማጥፋት ሐሳብ እንዳለው ከጠረጠርሽ ፊት ለፊት ጠይቂ። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። አለ ካለሽ ብቻውን አትተይው፣ ቤተሰብ ጥሪና ጅማ ሜዲካል ሴንተር አእምሮ ሕክምና ክፍል አብረሽ ውሰጂው።

የኪቶዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ዝርዝሩን በጽሑፍ እጠይቃለሁ። አንድ የቀረኝ፦ አፋን ኦሮሞዬ የገበያ ነው። ትንንሾቹ አማርኛ ባይገባቸውስ?

ጠመኔ፦
ከትንንሾቹ ጋር ብዙ ወሬ አያስፈልግም። ወረቀትና ከለር አቅርቢ፣ «ቤታችሁ ማን የት ይተኛል?» ብለሽ አስስዪ፣ ሥዕሉን ተከትለሽ ጠይቂ። አስተርጓሚ ካስፈለገሽ ታላቅ ወንድሙን ወይ ጥበቃውን እንዳትጠሪ። አፋን ኦሮሞ የምትችል፣ ምስጢር የምትይዝ አንዲት መምህርት ከአሁኑ ፈልጊ። የራስሽንም ግን አሻሽዪው፣ ሲያለቅሱ በእሱ ነው የሚያለቅሱት።

የአባ ቡና ደጋፊ፦
ሐሙስን ግን ቀይሩት።